ከዋጊኖስ እስከ አጣጥ፦ የኢትዮጵያ ዕፅዋት በደም ካንሰር ሕዋሳት ላይ የተፈተኑበት ታሪክ

የደም ካንሰር፣ በሕክምና ስሙ ሉኪሚያ፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ሳይጎለምሱ ያለ ገደብ እየተባዙ ጤነኞቹን ሕዋሳት ቦታ የሚያሳጡበት በሽታ ነው። ይህን በሽታ ለመቋቋም ከሚደረጉ ፍለጋዎች አንዱ፣ ከመድኃኒት ዕፅዋት የተወሰደ ጭማቂ በቤተ ሙከራ በሚራቡ የሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ ተጨምሮ ሕዋሳቱ መሞታቸውን ወይም ዕድገታቸው መገታቱን መለካት ነው። ጭማቂ የሚባለውም ቅጠሉ፣ ልጣጩ ወይም ሥሩ ደርቆና ተፈጭቶ በአልኮል ወይም በሌላ አሟሚ ፈሳሽ ከተዘፈዘፈ በኋላ ፈሳሹ ተንኖ የሚቀረው ወፍራም ቅሪት ነው። የዚህ ጥናት ታሪክ በአብዛኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች የተሠራ ቢሆንም፣ ከዋና ዋና ምዕራፎቹ ሁለቱ የተነሡት ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦዎች ነው፤ ይህ ግን ቁጥቋጦዎቹ በሚበቅሉበት አገር እንኳ በስፋት አይታወቅም።

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተዘረጋው የጌዴኦ ምድር፣ እንሰትና ቡና በዋንዛ፣ በብርብራና በቆርች ጥላ ሥር አብረው ያድጋሉ። በቡናዋ ስሟ ባሕር የተሻገረው ኢዲዶም የዚሁ መልክዐ ምድር ክፍል ናት። እንዲህ ባለው እርጥበት ያልተለየው ደጋና ወይና ደጋ፣ ገበሬው ለምግብና ለገበያ ከሚያለማቸው ተክሎች ሌላ በጓሮ ጥግ፣ በአጥር ሥርና በደን ዳር የሚተዋቸው ዕፅዋት አሉ፤ ለሆድ ቁርጠት፣ ለቁስልና ለእባጭ የሚፈለጉትም ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ታሪኩን ከመነሻው ለመከታተል ግን ከጌዴኦ ርቆ ወደ ሰሜን መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ትረካ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። በኢትዮጵያ ቆይታው ካያቸው ዕፅዋት አንዱ የአገሩ ሰው ዋጊኖስ የሚለውና ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ የሚታከምበት ቁጥቋጦ ነበር፤ ብሩስ ራሱ በዚሁ ሕመም ተይዞ በዋጊኖስ መዳኑን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መስክሯል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ተክሉ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ተብሎ በተጓዡ ስም ተጠራ፤ መድኃኒትነቱን ያሳዩት ሰዎች ስም ግን በመዝገቡ አልገባም። በዚያ ዘመን ስለ ደም ካንሰር የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑ የተገለጸው በ1845 ሲሆን፣ ሉኪሚያ የሚለውን ስም የሰጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ነው። ከዚያም በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሐኪሞች በሽታውን ከመለየት አልፈው የሚያደርጉት እጅግ ጥቂት ነበር።

ዕፅዋትን በሉኪሚያ ላይ በሥርዓት መፈተን የተቻለው በሽታው ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሊተላለፍ የሚችልበት መንገድ ከተገኘ በኋላ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ኤል 1210፣ በ1955 ደግሞ ፒ 388 የተባሉ የአይጥ ሉኪሚያ ዓይነቶች ተገኙ። ሁለቱም ከአንዷ አይጥ ሆድ ተቀድተው ወደ ሌላዋ ሲገቡ በተመሳሳይ ፍጥነት ስለሚያድጉ፣ መድኃኒት ያገኘችው አይጥ ካላገኘችው ስንት ቀን አብልጣ እንደኖረች በመቁጠር ብቻ የአንድን ጭማቂ ኃይል መገመት ተቻለ። ዘዴው ለእንስሳቱ ጨካኝ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ግምትና ወሬ ብቻ በነበረበት ቦታ መለኪያ አስገብቷል።

ለፍለጋው ትልቁን ተስፋ የሰጠው በብዙ ሞቃት አገሮች ለጌጥ የሚተከለው የማዳጋስካር አበባ ነው። በካናዳ የዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር፣ ለስኳር በሽታ ይጠቅማል የተባለውን የዚህን ተክል ቅጠል ሲፈትኑ ስኳሩ ሳይሆን የእንስሳቱ ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር መውረዱን አስተዋሉ፤ በ1958ም ቪንብላስቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አስታወቁ። በዚያው ዘመን ኤሊ ሊሊ በተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ተክሉ ሉኪሚያ በያዛቸው አይጦች ላይ ሲፈተን፣ በ1963 ለሐኪም የደረሰው ቪንክሪስቲን ተገኘ። ቪንክሪስቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ ዛሬም የሕፃናት ሉኪሚያ ሕክምና ምሰሶ ነው፤ ከዚህ በኋላም ከቅጠል የሚገኝ ንጥረ ነገር የደም ካንሰርን አይገታም ብሎ መከራከር አልተቻለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሩ የእርሻ ሚኒስቴር ጋር በመሆን በ1960 ሰፊ የዕፅዋት ማሰባሰቢያ መርሐ ግብር ጀመረ። እስከ 1982 በዘለቀው በዚህ ሥራ ከዓለም ዙሪያ 35,000 ያህል የዕፅዋት ናሙናዎች ተሰብስበው ከ100,000 በላይ ጭማቂዎች ተፈትነዋል። መርሐ ግብሩ በአመዛኙ የባህል ሐኪሞችን ቃል በመከተል ሳይሆን በተቻለ መጠን ብዙ ዓይነት ተክል በማጨድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢትዮጵያም ከናሙና ሰጪዎቹ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከአገሪቱ ከተወሰዱት መካከል አጣጥ ከሚባሉት ቁጥቋጦዎች አንዱ፣ በዚያን ጊዜ ሳይንሳዊ ስሙ ሜይቴነስ ኦቫተስ፣ አሁን ደግሞ ሜይቴነስ ሴራታ የሚባለው ይገኝበታል።

ናሙናው ሞሪስ ኩፕቻን በሚባሉት ኬሚስት እጅ ገባ። እርሳቸው በዊስኮንሲን፣ ከ1969 ጀምሮም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ሲሆን፣ አሠራራቸው ቀላል የሚመስል ነገር ግን ዓመታትን የሚበላ ነበር። የተክሉ ጭማቂ በተለያዩ አሟሚዎች እየተከፋፈለ እያንዳንዱ ክፍል በሕዋሳትና በአይጦች ላይ ይፈተናል፤ ኃይል ያሳየው ክፍል ብቻ ተይዞ ዳግም ይከፋፈላል፤ በዚህ ሁኔታ እየተጣራ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ንጹሕ ውህድ ይቀራል። አጣጥ በዚህ መንገድ ሲጣራ የተገኘው ውህድ እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል የሚወጣው 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር፤ ይህም አንድ ግራም ለማግኘት አምስት ቶን ደረቅ ተክል ያስፈልጋል ማለት ነው። ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው በ1972 ውህዱን ሜይታንሲን ብለው፣ ፀረ ሉኪሚያ መሆኑንም በጽሑፋቸው ርእስ ላይ ገልጸው አሳተሙት። የፒ 388 ሉኪሚያ በያዛቸው አይጦች ላይ ኃይሉን ያሳየው በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ ክፍል በሚቆጠር መጠን ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ ይኸው ቡድን ብሩስ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከጻፈለት ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለ ሁለተኛ ፀረ ሉኪሚያ ውህድ ማግኘቱን አስታወቀ። ዋጊኖስ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና እንደሚውል የኩፕቻን ቡድን ጠቅሷል፤ ስለዚህ በዚህኛው ተክል የአገሩ ዕውቀትና የቤተ ሙከራው ውጤት ገጥመዋል። ይህ መግጠም ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። የባህል ሐኪም ነቀርሳ የሚለው ሕመም ብዙ ዓይነት እባጭና የማይድን ቁስልን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይለየውን የደም ካንሰር ግን ከሌላው ድካምና መድማት ለይቶ ማወቅ ለማንም የሚቻል አልነበረም። ዋጊኖስ የሉኪሚያ ሕዋስን መግደሉ የአገሩ ሐኪሞች ተክሉ ብርቱ መሆኑን ማወቃቸውን ያሳያል፤ የትኛውን በሽታ ያክሙበት እንደነበር ግን አያረጋግጥም።

ሁለቱ ውህዶች ሕዋሳትን የሚገድሉበት መንገድ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ሕዋስ ሲከፈል የዘር ቅንጣቶቹን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉት፤ በ1975 እንደታየው ሜይታንሲን የእነዚህን ክሮች መሠራት ስለሚያግድ ሕዋሱ በመከፈል መካከል ቆሞ ይቀራል። ብሩሲያንቲን ደግሞ፣ በ1976 እንደተገለጸው፣ ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን ሂደት ያቋርጣል። መከፈልና ፕሮቲን መሥራት በሉኪሚያ ሕዋስ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ የአንጀት ሽፋን፣ የፀጉር ሥርና ጤነኛ መቅኔም በእነርሱ ይኖራሉ። ችግሩም ከዚህ መነጨ። ሜይታንሲን በ1970ዎቹ አጋማሽ በሕሙማን ላይ መሞከር ሲጀምር ብርቱ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አስከተለ፤ ብሩሲያንቲንም በሕሙማን ዕጢ ላይ የተጠበቀውን ለውጥ አላመጣም። ኩፕቻን በ1976 ዐረፉ፤ የሁለቱም ውህዶች ሙከራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። በቤተ ሙከራ ሳሕንና በአይጥ ላይ ያማረ ውጤት በሰው ላይ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ለዚህ ጥናት ዘርፍ የተወው ትምህርት ግን የማይረሳ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የመፈተኛው ዘዴ ራሱ ተለወጠ። በ1975 በአሜሪካ ቴነሲ፣ ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ከነበራት የ53 ዓመት ሴት የተወሰዱ ሕዋሳት ኬ 562 ተብለው በቤተ ሙከራ መራባት እንደቻሉ ተገለጸ፤ በ1977 ደግሞ አጣዳፊ ሉኪሚያ ከነበራት ሌላ ታማሚ የተወሰዱት ኤችኤል 60 ተባሉ። የሰው ሉኪሚያ ሕዋሳት ከዚያ ወዲህ በ37 ዲግሪ ሴልሲየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ፣ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና የጥጃ ደም ውኃ ባለበት ፈሳሽ እየተመገቡ፣ በማይፈለጉበት ጊዜም በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ለዓመታት እየተቀመጡ ከአገር ወደ አገር ይላካሉ። ቲም ሞስማን በ1983 ያስተዋወቁት የቀለም ፍተሻም ቆጠራውን አቀለለው። ሕዋሳቱ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳሕን ይከፋፈላሉ፤ የተክሉ ጭማቂ በየጉድጓዱ መጠኑ እየቀነሰ ይጨመራል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ቢጫ ቀለም ሲገባ ሕያው ሕዋስ ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ የሞተው ግን አይለውጠውም። የሐምራዊው ጥልቀት በመሣሪያ ሲለካ የሕዋሳቱን ዕድገት በግማሽ የሚቀንሰው የጭማቂ መጠን ይታወቃል፤ ያልተጣራ ጭማቂ ይህን ለማድረግ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ወይም ከ30 ማይክሮግራም በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ ይተዉታል።

ለዚህ ፍተሻ ጭማቂ ያልተጨመረባቸው የሉኪሚያ ሕዋሳት ብቻ በቂ ንጽጽር አይሆኑም፤ ጤነኛ ሕዋሳትም በተመሳሳይ መጠን መፈተን አለባቸው። ሁለቱን እኩል የሚገድል ጭማቂ መርዝ እንጂ የመድኃኒት ጭላንጭል አይደለምና። ብዙ የታተሙ ጥናቶች ይህን ደረጃ ሳያልፉ «ፀረ ካንሰር» የሚለውን ስም ለተክሉ መስጠታቸው፣ ቃሉን አምኖ ቅጠሉን ቀቅሎ ለሚጠጣ ታማሚ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ በተለይም ሕክምና ቢያገኝ ሊድን የሚችል ሕፃን ከሆነ።

በኢትዮጵያ ውስጥ የዕፅዋት ኬሚስትሪ የራሱን ምዕራፍ የከፈተው በ1980ዎቹ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ኬሚስት ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር በመሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ከሚበቅለው ኒፎፊያ ፎሊዮሳ ከሚባል ተክል ኒፎሎን የተባለ አዲስ ውህድ በ1984 አስታወቁ። በዚያው ዓመት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር ትስስር ወይም ናፕሬካ ተመሠረተ። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ዝግጅትም እስከ 2009 ዘልቆ፣ አጣጥንና ዋጊኖስን ጨምሮ የአገሪቱን ዕፅዋት በስምና በቦታ መዘገበ። ለፍተሻ የሚቀርብ ናሙና ማንነቱ ካልተረጋገጠ ውጤቱ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ይህ ሥራ ከየትኛውም የሕዋስ ሙከራ ያነሰ ክብር አይገባውም።

ከኒፎሎን ጋር ከዚያው ተክል የሚገኘው ኒፎሎን አንትሮን በሉኪሚያ መሰል ሕዋሳት ላይ የተፈተነው በእንግሊዝ ነው። በግሪንዊች ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሰሎሞን ሀብተማርያም በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ውህዱ ዩ 937 እና ቲኤችፒ 1 የተባሉትን የሰው ነጭ ደም ካንሰር ሕዋሳት በፍጥነት እንደሚገድል አሳዩ። ሞቱ ግን ኔክሮሲስ የሚባለው፣ ሕዋሱ ፈንድቶ ይዘቱ ወደ ውጭ የሚፈስበት ዓይነት ነበር፤ ሐኪሞች የሚመርጡት አፖፕቶሲስ፣ ማለትም ሕዋሱ በራሱ ሥርዓት ተሰብስቦ የሚጠፋበት ሞት አልነበረም። አንድ ጭማቂ «ገደለ» ከተባለ በኋላ እንዴት ገደለ የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚከተል ከዚህ ይታያል።

በዲላና በአካባቢው ገበያ የሚታወቁት ሁለቱ የንግድ ተክሎች፣ ጫትና ቡናም፣ ከፍተሻው አላመለጡም። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳተሙት፣ ከአጣጥ ጋር ከአንድ ቤተሰብ የሆነው ጫት ጭማቂው ኤችኤል 60ን ጨምሮ የሉኪሚያ ሕዋሳትን በአፖፕቶሲስ ይገድላል። የጥናቱ መነሻ ጫትን ለመድኃኒትነት መፈለግ ሳይሆን በተጠቃሚው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መረዳት ነበር፤ ያው አንድ ውጤት ከየትኛው ወገን እንደታየ ትርጉሙ ይለወጣል። ከቡና ዘይት የሚገኘው ካህዌኦል በ2009 በደቡብ ኮሪያ ዩ 937 ሕዋሳትን፣ ካፌስቶል ደግሞ በ2017 በብራዚል የሉኪሚያ ሕዋሳትን እንደሚገድሉ ተገልጿል። ካህዌኦል በአረቢካ ቡና እንጂ በሮቡስታ ብዙም አይገኝም፤ ይርጋ ጨፌ የሚያመርተውም አረቢካ ነው። ይሁንና በሳሕን ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውህድ መጠንና በሲኒ የሚጠጣው ስለማይነጻጸሩ፣ ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ ቡና የደም ካንሰርን ይከላከላል ማለት አይቻልም።

በጌዴኦ ምድር ያለውን የመድኃኒት ዕፅዋት ዕውቀት በሥርዓት ለመመዝገብ ከተደረጉ ሥራዎች መካከል፣ በወናጎ ወረዳ ተካሂዶ በ2009 የታተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጥናት ተጠቃሽ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ኢትዮጵያ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እንዲሁም ስለ ማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታ ነበር። አዋጁ የውጭ ተመራማሪ ተክሉን ከመውሰዱ በፊት የመንግሥትን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ዕውቀቱ የማኅበረሰብ ከሆነም የማኅበረሰቡን ይሁንታ እንዲይዝና ጥቅሙን እንዲያጋራ ይጠይቃል። አጣጥ በ1960ዎቹ ሲወሰድ እንዲህ ያለ ሕግ በኢትዮጵያም በዓለምም አልነበረም።

ሕጉ የዘገየበት ዋጋ በ2013 ጎልቶ ታየ። በዚያ ዓመት የካቲት ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተባለውን መድኃኒት ፈቀደ። ይህ መድኃኒት የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ወገን፣ ከሜይታንሲን የተበጀ ገዳይ ውህድ በሌላ ወገን የተጣመሩበት ነው፤ ገዳዩ በደም ውስጥ ሲዞር ታስሮ ቆይቶ ዒላማው ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ይፈታል። በ1980ዎቹ በመርዛማነቱ የተጣለው ውህድ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2022 ደግሞ ከዚሁ ዘር የሆነ ሌላ መድኃኒት ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ። ለማምረቻው ግን አጣጥ አያስፈልግም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1977 ተመሳሳይ ውህዶችን የሚሠራ ባክቴሪያ ስላገኙ፣ ጥሬ ዕቃው ከጋን በሚበልጡ የፋብሪካ ማብላያዎች ይመረታል። የአጣጥ ዘመድ በሆነ የደቡብ አፍሪካ ተክል ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሜይታንሲን በመሠራቱ ውስጥ በሥሩ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ድርሻ እንዳላቸው አመልክተዋል። ስለዚህ ከተክሉ ጋር መጠበቅ የነበረበት የበቀለበት አፈርም ጭምር ነው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተጠበቀው እርሻ ይህን አፈር ከነዛፎቹ የያዘ ነው።

ዋጊኖስም አልተረሳም፤ ከ2000 በኋላ በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብሩሲያንቲንንና ዘመዱን ብሩሳቶልን በሰው የሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ ዳግም ፈትነው፣ የቀድሞው የሕሙማን ሙከራ የተደረገው እንደ ጡትና ቆዳ ባሉ ጠጣር ዕጢዎች ላይ እንጂ በደም ካንሰር ላይ በሚገባ አለመሆኑን አስታውሰዋል። በ2021 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በኢትዮጵያ ለካንሰር የሚወሰዱ 22 ዕፅዋትን በሰው ካንሰር ሕዋሳት ላይ የፈተኑበትን ውጤት አሳተሙ፤ የተመረጡት ሕዋሳት የጡት ካንሰርን ጨምሮ የጠጣር ዕጢዎች ሲሆኑ፣ የሉኪሚያ ሕዋሳት በዚያ ፍተሻ አልተካተቱም።